የኮሌስትሮል ክኒን፦ ውጤቱ "ተስተካክሏል" ሲባል ለምን አይቆምም?

በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በሽንሌ እና በአካባቢው ያላችሁ ተከታታዮቻችን፦ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት "ኮሌስትሮል አለብህ" ተብሎ ክኒን የታዘዘለት አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም አያት ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ማዘዣውን ይዞ ፋርማሲ የሚሄደው፣ የክኒኑን ስም ስልኩ ላይ የሚፈልገው፣ ውጭ ላለ ዘመድ በዋትስአፕ "ይህን መድኃኒት ላክልን" ብሎ የሚጽፈው ወጣቱ ነው። ስለዚህ ይህን ማብራሪያ ያዘጋጀነው በተለይ ለእናንተ ነው።

ዋናውን መልእክት ከመጀመሪያው እናስቀምጠው። የኮሌስትሮል ክኒን እንደ ወባ መድኃኒት በሽታውን ጨርሶ የሚያጠፋ አይደለም። ኮሌስትሮሉን ዝቅ አድርጎ የሚይዘው እየተወሰደ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ውጤቱ ጥሩ የሆነው ክኒኑ ስለሠራ ነው፤ "ጥሩ ሆኗል" ተብሎ ሲቆም ቁጥሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

▪️ ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚዘዋወር ቅባት መሰል ነገር ነው። በራሱ ጠላት አይደለም፤ ሰውነት የሕዋሳትን ግድግዳ፣ አንዳንድ ሆርሞኖችን እና ቫይታሚን ዲን የሚሠራው ከእሱ ነው። አብዛኛውን የሚያመርተው ጉበታችን ሲሆን፣ ከምግብ የምናገኘው ቀሪውን ነው። "እኔ እኮ ስብ አልበላም፣ ቀጭን ነኝ፣ እንዴት ኮሌስትሮል ይኖረኛል?" የሚል ሰው ምርመራው ከፍ ብሎ ሲገኝ የሚገረመው ይህን ባለማወቁ ነው። ቀጭን ሰውም ሊኖርበት ይችላል።

ችግሩ "ኤልዲኤል" የሚባለው ዓይነት ሲበዛ ነው። ይህ በተለምዶ "መጥፎው ኮሌስትሮል" የምንለው ነው። ለዓመታት በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ይቆይና አንድ ቀን ያ ክምችት ሲሰነጠቅ ደም እዚያው ይረጋል። የተዘጋው የልብ ደም ሥር ከሆነ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ይመጣል፤ የአንጎል ከሆነ ደግሞ ስትሮክ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ምንም አያምም። ራስ ምታት የለም፣ ማዞር የለም። "ምንም አይሰማኝም" ማለት "የለብኝም" ማለት አይደለም።

▪️ ክኒኑ ምን ይሠራል?

ለኮሌስትሮል በብዛት የሚታዘዙት መድኃኒቶች "ስታቲን" የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው። ስማቸው "...ስታቲን" በሚል ያልቃል፦ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን። ጉበት ኮሌስትሮል ለማምረት የሚጠቀምበትን አንድ ኢንዛይም ይገታሉ። ምርቱ ሲቀንስበት ጉበት የሚያስፈልገውን ከደም ውስጥ ይስባል፤ በደም ውስጥ ያለው ኤልዲኤልም ይቀንሳል። እንደ ክኒኑ ዓይነትና መጠን ቅናሹ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

የተገኘበት ታሪክ ደግሞ ደስ ይላል። ጃፓናዊው ሳይንቲስት አኪራ ኤንዶ እና ባልደረቦቹ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ ነገር ፍለጋ ከ6 ሺህ በላይ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶችን መረመሩ። እ.ኤ.አ በ1973 ሩዝ ላይ ከተገኘ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ውስጥ የመጀመሪያውን ስታቲን አገኙ። ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ1987 ነው። ኤንዶ እ.ኤ.አ በ2024 በ90 ዓመታቸው አርፈዋል።

"ቁጥር ከመቀነስ አልፎ ሕይወት ያተርፋል ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ትልቁ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ በ1994 ነው። በአምስት የሰሜን አውሮፓ ሀገራት በ4,444 የልብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሲምቫስታቲን የወሰዱትን ምንም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከወሰዱት ጋር አወዳደረ። ከአምስት ዓመት በላይ በቆየው ክትትል ስታቲን ካልወሰዱት 256 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከወሰዱት የሞቱት 182 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ በ2007 ሲምቫስታቲንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል።

▪️ ለማን ነው የሚታዘዘው?

ሐኪም ክኒኑን የሚያዝዘው ቁጥሩን ብቻ አይቶ አይደለም። የሚያየው የሰውየውን አጠቃላይ ስጋት ነው። በዋናነት የሚታዘዝላቸው፦

🔹 ከዚህ በፊት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያጋጠማቸው (ለእነዚህ ሰዎች ቁጥራቸው "ኖርማል" ቢሆንም ይታዘዛል)
🔹 ኤልዲኤላቸው 190 እና ከዚያ በላይ የሆነ
🔹 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 ሆኖ የስኳር ሕመም ያለባቸው
🔹 የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ዕድሜ እና ሌሎች ስጋቶች ተደምረው አደጋቸው ከፍ ያለ

ስለዚህ ጎረቤት የታዘዘለትን ክኒን "እኔም ኮሌስትሮል አለብኝ" ብሎ ተካፍሎ መውሰድ አይሆንም። በተቃራኒው ደግሞ "የእኔ ቁጥር ከእሱ ያነሰ ነው፣ ለምን እኔ ልውሰድ?" ማለትም ልክ አይደለም። የሁለት ሰዎች ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ክኒን ሊያስፈልገው፣ ሌላው ላያስፈልገው ይችላል።

ለወጣቶች አንድ ማስታወሻ፦ ከወላጅ ወይም ከወንድም እህት መካከል ወንድ ሆኖ ከ55 ዓመቱ በፊት፣ ሴት ሆና ከ65 ዓመቷ በፊት የልብ ሕመም የያዘው ሰው ካለ እናንተም ተመርመሩ። በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል አለ። በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል፤ አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እንዲህ ያለው በ25 ዓመትም ቢሆን በስፖርት ብቻ አይወርድም።

▪️ የምርመራ ወረቀቱን እንዴት እናንብበው?

ምርመራው "ሊፒድ ፕሮፋይል" ይባላል። ወረቀቱ ላይ አራት ቁጥሮች ይመጣሉ። በኢትዮጵያ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙት ሚሊግራም በዴሲሊትር የሚባለውን መለኪያ ነው፦

🔹 ጠቅላላ ኮሌስትሮል፦ ከ200 በታች ቢሆን ይመረጣል
🔹 ኤልዲኤል (መጥፎው)፦ ለጤናማ ሰው ከ100 በታች ጥሩ ነው፤ የልብ ሕመም ላለበት ሐኪሞች ከ70 በታች ማድረስ ይፈልጋሉ
🔹 ኤችዲኤል (ጥሩው)፦ ለወንድ ከ40 በላይ፣ ለሴት ከ50 በላይ
🔹 ትራይግሊሰራይድ፦ ከ150 በታች

እ.ኤ.አ በ2015 በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ተመርማሪዎች ላይ "ጥሩው" ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ዝቅ ብሎ ቢመጣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ሕክምናው በዋናነት የሚያተኩረው ግን መጥፎውን በመቀነስ ላይ ነው።

⚠️ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለንደን፣ ስዊድን ወይም ካናዳ ያለ ዘመዳችሁ ውጤቱን ሲነግራችሁ "የእኔ ኤልዲኤል 3.6 ነው" ሊል ይችላል። የእናታችሁ ወረቀት ደግሞ 139 ይላል። ስታዩት የእናታችሁ በጣም የበዛ ይመስላል፤ ግን እኩል ናቸው! እነዚያ ሀገራት የሚጠቀሙት ሚሊሞል በሊትር የሚባል ሌላ መለኪያ ነው። ለመቀየር የእነሱን ቁጥር በ39 ማባዛት ነው፤ 1.8 ማለት 70 ገደማ፣ 5.2 ማለት 200 ገደማ። (ለትራይግሊሰራይድ ግን በ89 ገደማ ነው የሚባዛው።) አሜሪካ ያለ ዘመድ እንደ እኛው በሚሊግራም ነው የሚናገረው።

መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገማል። ወረቀቶቹን አትጣሉ። ፎቶ አንስታችሁ ስልክ ላይ በቀን አስቀምጡ፤ ከካራማራ ሆስፒታል ወደ ሼህ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ወይም ከጅግጅጋ ወደ ሐረርና አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው የድሮውን ቁጥር ነው።

▪️ "ተስተካከለ፣ ላቁመው?"

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አባታችሁ በ160 ጀምሮ፣ ክኒኑን ሦስት ወር ወስዶ፣ 85 ደረሰ እንበል። "አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ" ብሎ ቢያቆም ምን ይሆናል? ጉበቱ ያው የድሮው ጉበት ነው፤ የሚገታው ነገር ሲነሳለት ምርቱን ይቀጥላል። ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ወደ 160 ይመለሳል። ምንም ስለማያም ግን ማንም አያውቅም።

ማቆም የሚያስከትለው ነገር በትላልቅ ጥናቶች ታይቷል። በፈረንሳይ ዕድሜያቸው 75 በሆኑና ስታቲን ሲወስዱ በቆዩ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ በ2019 የወጣ ጥናት፣ መድኃኒቱን ያቆሙት በልብና ደም ሥር ችግር ሆስፒታል የመግባት አደጋቸው ከቀጠሉት በ33 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል።

ሁለተኛው ጥናት ደግሞ እኛን መሰል ገጾችንና እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። በዴንማርክ ወደ 675 ሺህ የሚጠጉ ስታቲን ተጠቃሚዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ስለ መድኃኒቱ አሉታዊ ዜና ሲበዛ ገና እንደጀመሩ የሚያቆሙ ሰዎች እንደሚበዙ እ.ኤ.አ በ2016 ባወጡት ጽሑፍ አሳይተዋል። ቀድመው ያቆሙት ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋቸው ከቀጠሉት በ26 በመቶ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ "ይህ ክኒን ጉበት ይጨርሳል" የሚል የአንድ ደቂቃ የቲክቶክ ቪዲዮ ለእናታችሁ ከመላካችሁ በፊት ይህን አስቡት።

ይህ ማለት ግን ማንም ሰው መድኃኒቱን መቼም ማቆም የለበትም ማለት አይደለም። የሚቆምበት፣ የሚቀየርበት ወይም የሚቀነስበት ምክንያት አለ። ውሳኔው ግን ከሐኪም ጋር ይሁን።

▪️ አወሳሰዱ

🔹 በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል።
🔹 ሲምቫስታቲን ማታ ነው የሚወሰደው። ጉበት ኮሌስትሮልን በብዛት የሚያመርተው ሌሊት ስለሆነና መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ነው። አቶርቫስታቲን እና ሮሱቫስታቲን ረዥም ሰዓት ስለሚቆዩ በፈለጉት ሰዓት ይወሰዳሉ፤ ሰዓቱ ግን በየቀኑ አንድ ቢሆን ይመረጣል።
🔹 ረመዳን ላይ ችግር የለም። በቀን አንዴ ስለሆነ ከአፍጥር በኋላ ወይም በሱሁር መውሰድ ይቻላል። "ጾም ስለሆነ አቆምኩት" የሚያስብል ምክንያት የለውም።
🔹 ከተረሳ፣ ሲታወስ ይወሰድ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን መተው ነው። ሁለት አድርጎ መዋጥ አይገባም።
🔹 "መጠኑን እጥፍ ካደረግኩት እጥፍ ይሠራል" የሚለው አይሠራም። መጠኑ በእጥፍ ሲጨምር ኤልዲኤል ተጨማሪ የሚቀንሰው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ዕድል ግን ይጨምራል።

▪️ የጎንዮሽ ጉዳት አለው ወይ?

አለው። አንደብቅም። ግን በልኩ እንየው።

እ.ኤ.አ በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ እንዲህ ያሰላዋል፦ 10 ሺህ ሰዎች አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ለ5 ዓመት ቢወስዱ፣ 5 ያህሉ ላይ ከባድ የጡንቻ ጉዳት፣ ከ50 እስከ 100 በሚሆኑት ላይ አዲስ የስኳር ሕመም፣ ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ደግሞ የአንጎል መድማት ሊከሰት ይችላል። በሌላ በኩል እነዚህ 10 ሺህ ሰዎች ቀድሞ የልብ ሕመም ያለባቸው ከሆኑ 1,000 ያህሉ ከልብ ሕመም፣ ከስትሮክ ወይም ከመሳሰለው ይተርፋሉ፤ ሕመሙ ገና ያልያዛቸው ግን ስጋታቸው ከፍ ያለ ከሆኑ ደግሞ 500 ያህሉ። ሐኪሞች "ጥቅሙ ያመዝናል" የሚሉት ለዚህ ነው።

በብዛት የሚሰማው ቅሬታ የጡንቻ ሕመም ነው። በእንግሊዝ የተደረገና እ.ኤ.አ በ2020 የወጣ ጥናት አስገራሚ ነገር አሳይቷል። በጎንዮሽ ስሜት የተነሳ ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች አንድ ወር ስታቲን፣ ሌላ ወር መድኃኒትነት የሌለው ክኒን፣ ሌላ ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ ለአንድ ዓመት ተቀያየረላቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለ ክኒኖቹ አልተነገራቸውም። ውጤቱ፦ ስታቲን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው ባዶውን ክኒን ሲወስዱም ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ የተሰማቸው እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ያመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን ክኒን መዋጡና ፍርሃቱ ነበር።

ቀላል ሕመም ከሆነ ለሐኪም ይነገር፤ መጠን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ ስታቲን መቀየር ይቻላል። የሚከተሉት ካሉ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም፦

🚨 በሁለቱም ጭን ወይም ትከሻ ላይ ከባድ የጡንቻ ሕመም ወይም ድካም፣ በተለይ ሽንት ጠቁሮ የሻይ ቀለም ከያዘ
🚨 ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ሲሆን

ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ይደረጋል። ከዚህ በፊት የወፍ በሽታ የያዘው ወይም ሄፓታይተስ አለብህ የተባለ ሰው ይህንን ለሐኪሙ መናገር አለበት።

🤰 እርጉዝ የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ ሴት ሐኪሟን ሳታማክር ስታቲን መውሰድ የለባትም። አብዛኞቹ በእርግዝና ጊዜ እንዲያቆሙ ይመከራል።

▪️ ከምን ጋር አይሄድም?

ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለፋርማሲ ባለሙያው አሳዩ፤ "ሌላ የምትወስዱት አለ?" ሲባል "የለም" ማለት ልማድ ሆኗል።

🔹 አምሎዲፒን (የደም ግፊት መድኃኒት)፦ እጅግ የተለመደ ነው። ከሲምቫስታቲን ጋር ሲወሰድ ሲምቫስታቲኑ በቀን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም።
🔹 ክላሪትሮማይሲን እና ኤሪትሮማይሲን (አንቲባዮቲክ)፦ ስታቲኑን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት ስታቲኑን ሊያስቆም ይችላል።
🔹 ለፈንገስ የሚሰጡ እንደ ኢትራኮናዞል ያሉ ክኒኖች፣ እንዲሁም ሪቶናቪር ያለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች፦ ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይወሰዱም።
🔹 ሪፋምፒሲን (የቲቢ መድኃኒት)፦ በተቃራኒው የስታቲኑን ኃይል ያዳክማል።
🔹 ግሬፕፍሩት፦ ብዙ ከተጠጣ ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲንን ከፍ ያደርጋል። ተራው ብርቱካንና ሎሚ ችግር የለባቸውም።

▪️ ከየት እንግዛ?

አካባቢያችን የድንበር አካባቢ ነው። ቶጎ ውጫሌ ላይ ከጨርቅ እስከ ስልክ ሁሉም ዕቃ ይገባል፤ መድኃኒትም በጆንያ ውስጥ ይገኛል። ግን መድኃኒት እንደ ጨርቅ በዓይን አይታወቅም። ሐሰተኛ ወይም ፀሐይ የበላው ክኒን ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ሳጥኑ ሁሉ ደህና ሊመስል ይችላል። የወባ መድኃኒት ሐሰተኛ ቢሆን ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ይታወቃል። የኮሌስትሮል ክኒን ሐሰተኛ ቢሆን ግን ምንም ምልክት የለውም፤ ደም እስኪመረመር ድረስ ማንም አያውቅም።

✅ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ከለጠፈ ፋርማሲ ግዙ፤ ደረሰኝ ጠይቁ።
✅ የሚያበቃበትን ቀን ሳጥኑም ላይ፣ ክኒኑ ያለበት ቅጠል ላይም እዩ፤ ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው።
✅ የተጠራጠራችሁትን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነፃ መስመር ጠቁሙ።
✅ ውድ ስም ያለውን ብቻ አትፈልጉ። "ሊፒተር" የአቶርቫስታቲን የንግድ ስም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ እ.ኤ.አ በ2011 ስላበቃ ብዙ ፋብሪካዎች ያንኑ መድኃኒት በርካሽ ያመርታሉ። ፋርማሲ ስትሄዱ የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ።

ከሚኒያፖሊስ፣ ከለንደን ወይም ከሐርጌሳ ዘመድ ሲልክም አንድ አደጋ አለ። እናታችሁ ጅግጅጋ ላይ "ሲምቫስታቲን" ታዞላት እየወሰደች፣ ከውጭ ደግሞ "ሊፒተር" ይላክላታል። ሳጥኑም ስሙም ስለሚለያይ "ይህኛው ሌላ መድኃኒት ነው" ብላ ሁለቱንም ትወስዳለች። ሁለት ስታቲን አብሮ መውሰድ የጡንቻ ጉዳትን የሚጋብዝ ነው። የሳጥኑን ጀርባ አንብቡ፤ በ"ስታቲን" የሚያልቅ ስም ሁለት ቦታ ካያችሁ አንዱ መቆም ያለበት መሆኑን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ።

የማስቀመጫ ነገርም አለ። ጅግጅጋ ደጋማ ስለሆነች አየሩ ይሻላል። ሽንሌ፣ ኤረር፣ አይሻ እና ደወሌ ላይ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ክኒኑ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ፣ ደረቅና ጥላ ባለበት ቦታ ይቀመጥ። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይሁን። ከቅጠሉ አውጥቶ በላስቲክ መቋጠርም አይመከርም።

▪️ ምግብና ጫት

ክኒኑ ምግብን አይተካም፤ ምግብም ክኒኑን አይተካም። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

በእኛ አካባቢ ትልቁ ጉዳይ የሚረጋ ቅባት ነው፦ ሱባግ (ቅቤ)፣ የግመል ሻኛ፣ የበግ ላትና የሥጋ ጮማ። ሩዙና ባስቶው ላይ የሚፈሰውን ሱባግ መቀነስና በፈሳሽ ዘይት መተካት፣ ጮማውን ትቶ ቀዩን ሥጋ መብላት ቀላል ጅማሮ ነው። ሳምቡሳውና የተጠበሰው ነገር በየቀኑ ባይሆን ይመረጣል። ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ትራይግሊሰራይድን ያንራል። ባቄላ፣ ምስር፣ አጃና አትክልት ይጨመሩ።

"የግመል ወተትስ?" ጥሩ ምግብ ነው። "የግመል ወተት ስለምጠጣ ክኒን አያስፈልገኝም" ማለት ግን አያስኬድም። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማርና ሽፈራውም እንደዚያው። ምግብ ሆነው ይቀጥሉ፤ የታዘዘን ስታቲን ግን አይተኩም።

ጫትን በተመለከተ፣ በየመን የተደረገ ጥናት ጫት መቃምን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዞታል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሌላም ነገር አለ፦ የሚቅም ሰው እራቱንም የማታውን ክኒንም ይረሳል። ሲጋራና ሺሻ ሲጨመርበት ክኒኑ በአንድ በኩል የሚሠራውን በሌላ በኩል ማፍረስ ነው።

▪️ እናንተ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

1️⃣ ዛሬ ማታ የቤተሰባችሁን መድኃኒቶች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ፤ ስማቸውንና መጠናቸውን ፎቶ አንሱ። በ"ስታቲን" የሚያልቅ ሁለት ካለ ነገ ፋርማሲ ጠይቁ።
2️⃣ ስልክ ላይ አላርም ሙሉ። ከዒሻ ሰላት በኋላ ወይም ከምሽቱ 3 ሰዓት ብሎ መወሰን ይረዳል።
3️⃣ ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግዙ። "አልቆብኝ ነው ያቆምኩት" የሚለው ብዙ ጊዜ የሚሰማ ምክንያት ነው። መንገድ የሚሄድ ሰው ካለ በእጅ ቦርሳው ይያዘው።
4️⃣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ ስለመኖሩ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።
5️⃣ እናት ወይም አባት "ተስተካክሏል፣ ልተወው" ሲሉ አትቆጧቸው። "የተስተካከለው ክኒኑ ስለያዘው ነው፤ ሐኪሙን ጠይቀን እንወስን" በሏቸው።

የደረት ሕመም፣ በአንድ ጎን የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መኮላተፍ ድንገት ከታየ ክኒን መፈለግ ሳይሆን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።

ይህ ማብራሪያ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምክርን አይተካም። ወላጆቹ ይህን ክኒን ለሚወስዱ ጓደኛችሁ አጋሩት። አማርኛ ለማያነቡ ወላጆችና አያቶች ደግሞ በሶማልኛ ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ የተደጋገሙትን ሰብስበን ለባለሙያ እናቀርባለን።